ሥራ ሲጀመር፦ የሴት ሰላዮችን ሥራ ለጅማ የታሪክ ክበብ በእጅ ማሳየት

ስለ ሴት ሰላዮች የሚዘጋጅ የክበብ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ መልኩ አንድ ነው። አንዷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰላይነት ተከስሳ የተገደለችውን የማታ ሃሪን ፎቶ አሳትማ ትመጣለች፤ ሌላው ፊልም ላይ ያየውን ሽጉጥና ጥቁር መነጽር ይተርካል፤ ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ይበተናል። ሥራው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ግን ማንም ሳያይ ይወጣል። አብዛኛው ሥራቸው አሰልቺ ነበር፦ ፊደል መቁጠር፣ ሻንጣ መሸከም፣ ሰዓት ማየት፣ ወረቀት ማቃጠል። የተያዙትም የተረፉትም በእነዚህ ነገሮች ነው። ስለዚህ እነዚህን በእጅ ማሳየት ይሻላል፤ ደግሞም ወጪው ትንሽ ነው።

የሚከተለው አሠራር ለ24 ተማሪ፣ ለሁለት ሰዓትና ለሦስት ጠረጴዛ የተሰላ ነው። ስምንት ስምንት ሆነው በየ30 ደቂቃው ጠረጴዛ ይቀያየራሉ፤ የቀረው ጊዜ ለመግቢያና ለመዝጊያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ምረጡ። ጅማ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ከጀመረ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጨርሶ አይሠራም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ካሬ ካለው የሒሳብ ደብተር 30 ቅጠል (24 ለተማሪ፣ 6 ለመጠባበቂያ)፤ እርሳስና ላጲስ፤ ትልቅ የፊደል ገበታ፤ እጀታው የማይነቀል አንድ ሻንጣ፤ 15 ኪሎ ደረቅ አሸዋ፤ 20 ሜትር ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፤ አንድ ትንሽ ባዘር፤ የበር ደወል መጫኛ፤ በእጅ የተሳለ የግቢው ንድፍ፤ ሁለት ረጅም ማስመሪያ። ቡና ይፈላ ይሆናል፤ ከሰል ምድጃው ስለሚያስፈልግ ቡናው ሲያልቅ አታጥፉት። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ። አንድ ፊደል የተሳሳተ ተማሪ በእስክሪብቶ ሰርዞ ከጎኑ ሲጽፍ ካሬው ይዛባበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ምን እንደሚሠራ በሁለት መስመር ይገለጽ። «ስለላ እያስተማሩ ነው» የሚል ወሬ ከግቢ ከወጣ በኋላ ማስረዳት አድካሚ ነው።

መጀመሪያ ስሙ ይስተካከል

በአማርኛ «ሰላይ» ክፉ ቃል ነው፤ «ጆሮ ጠቢ» ደግሞ ከእሱም ይብሳል። በጣሊያን ጊዜ ለጠላት የሚያገለግለው ባንዳ ተባለ፤ በጠላት ይዞታ ውስጥ ተቀምጦ ለአርበኛው መረጃ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ልብስ የሚልከው ደግሞ የውስጥ አርበኛ። ሁለቱም በአንድ ገበያ ይውሉ፣ በአንድ ጀበና ይጠጡ ነበር። ልዩነቱ ወሬው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ልዩነት ሳይይዙ ወደ ሽማግሌ ቤት ከሄዱ «አያትዎ ሰላይ ነበሩ?» ብለው ይጠይቁና ቡናው ሳይደርስ ይሸኛሉ። ስለዚህ በመግቢያው 10 ደቂቃ አራቱን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ እያንዳንዱን ማን ለማን እንደሚለው ጠይቁ።

አንደኛ ጠረጴዛ፦ ግጥሙና ቁልፉ

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 ባቋቋመው የልዩ ዘመቻ መሥሪያ ቤት ሥር የነበረው የፈረንሳይ ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 39 ሴቶችን በጀርመን ወደ ተያዘችው ፈረንሳይ ልኳል፤ 13ቱ አልተመለሱም። ለሥራው ሴት የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው። ወጣት ወንድ መንገድ ላይ ከታየ «ለምን ፋብሪካ አልገባህም?» ተብሎ ይያዛል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1943 መጀመሪያ ጀምሮ ወንዶች ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን ይላኩ ነበር። ዘንቢል አንጠልጥላ በብስክሌት የምትሄድ ሴት ግን ገበያ የምትሄድ ሴት ናት።

መልእክት የሚላከው በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮውን ደግሞ ጠላትም ይሰማዋል። ስለዚህ መልእክቱ ይቆለፋል። መጀመሪያ የተሠራበት ዘዴ ሰላይዋ አንድ ግጥም በቃሏ እንድትይዝ ማድረግ ነበር። ከግጥሙ ጥቂት ቃላት ትመርጣለች፣ የቃላቱ ፊደላት ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ቁጥሩ መልእክቱን የሚያዘዋውር ቁልፍ ይሆናል። ስትፈተሽ የሚገኝባት ወረቀት የለም። ጉዳቱ ኋላ ታየ፦ ግጥሙ በመጽሐፍ የታተመ ከሆነ ጠላት ከመጻሕፍት መደርደሪያ ያገኘዋል። የኮድ ክፍሉ ኃላፊ ሊዮ ማርክስ በዚህ ምክንያት አዳዲስ ግጥሞች እየጻፈ ይሰጥ ጀመር፤ ቆይቶም ቁልፎቹ ሐር ጨርቅ ላይ ታትመው፣ እያንዳንዱ አንዴ ካገለገለ በኋላ ተቆርጦ እንዲቃጠል አደረገ።

እናንተም ተማሪው ሁሉ የሚያውቀውን የዘፈን ስንኝ አትውሰዱ። ለዚህ ልምምድ የሚሆን ስንኝ ይኸው፦

ቡናው ሲንተከተክ ሥራ ይረሳል፣
ወሬው ሲጀመር ደጁ ይዘጋል።

ቃላቱን ከ1 እስከ 8 ቁጠሩ። 3ኛውና 6ኛው ቃል «ሥራ» እና «ሲጀመር» ናቸው። ተቀባዩ የትኞቹን ቃላት እንደመረጣችሁ እንዲያውቅ የመልእክቱ ራስ ላይ 36 ይጻፋል። አሁን ስድስቱን ፊደላት በየካሬው ጽፋችሁ በፊደል ገበታ ቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው። ቅደም ተከተሉ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ ኀ ነ ኘ አ ከ ኸ ወ ዐ ዘ ዠ የ ደ ጀ ገ ጠ ጨ ጰ ጸ ፀ ፈ ፐ ነው፤ አ በ ገ ደ የለመደ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለት ፊደል ከአንድ ቤት ከሆኑ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ በሚለው ይቀደማሉ፤ ስለዚህ ራ ከር በፊት ይመጣል። ያው ፊደል ሁለቴ ከተገኘ የግራው ይቀድማል።

ሥ ራ ሲ ጀ መ ር
2 3 5 6 1 4

የሚላከው መልእክት «ሐሙስ መድኃኒት በአጋሮ መንገድ ይላካል ተቀበሉ» ይሁን። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት አጥፍታችሁ ከቁልፉ ሥር በየካሬው ጻፉ። 24 ፊደል ስለሆነ አራት ሙሉ ረድፍ ይወጣል፦

ሐ ሙ ስ መ ድ ኃ
ኒ ት በ አ ጋ ሮ
መ ን ገ ድ ይ ላ
ካ ል ተ ቀ በ ሉ

አሁን ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች፣ በቁጥራቸው ተራ አንብቡ። 1 ያለበት ዓምድ (የመ ዓምድ) ድጋይበ ይሰጣል፤ 2 ሐኒመካ፤ 3 ሙትንል፤ 4 ኃሮላሉ፤ 5 ስበገተ፤ 6 መአድቀ። ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ያገኛችሁትን 24 ፊደል እንደገና ከዚያው ቁልፍ ሥር በረድፍ ጽፋችሁ እንደገና በዓምድ አንብቡ። የሚወጣው ይህ ነው፦

36 ሐንስድ ድመኃገ ጋካሮተ ኒልበቀ ይሙላመ በትሉአ

በጦርነቱ ጊዜ አምስት አምስት ፊደል እየተደረገ ይላክ ነበር፤ እዚህ ለማረም እንዲመች አራት አራት ሆኗል። የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ከዚህ መስመር ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ስህተቱ ያለው ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው፦ ቁጥር አሰጣጡ ላይ፣ የተዘለለ ካሬ ላይ፣ ወይም ሁለተኛውን ዙር ትቶ በመጀመሪያው ላይ መቆም።

ለመፍታት ወደ ኋላ መሄድ ነው። 24ን ለ6 ብታካፍሉ በየዓምዱ 4 ፊደል ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት 1 ባለበት ዓምድ ከላይ ወደ ታች አውርዱ፣ ቀጣዮቹን አራት 2 ባለበት፣ እንዲህ እያለ እስከ 6። ከዚያ ረድፉን አንብቡ፣ የወጣውንም አንዴ ድገሙት። ላኪና ተቀባይ ጥንድ ሆነው ጀርባ ለጀርባ ቢቀመጡ ይመረጣል፤ ፊት ለፊት ከሆኑ በዓይን ይነጋገራሉ። ለጀማሪ መቆለፉ ብቻ 25 ደቂቃ ገደማ ሊፈጅ ስለሚችል የመጀመሪያው ተራ ይቆልፍ፣ ተከታዩ ተራ የእነሱን ይፍታ።

ይህ ጠረጴዛ በጣም የሚጠቅመው ሲበላሽ ነው። ከሁለቱ ጥንድ አንዱ ግጥሙን በጆሮው ብቻ ሰምቶ እንዲጽፍ አድርጉ። ብዙ ተማሪ «ስራ» ብሎ ይጽፋል። ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም፤ የፊደል ገበታው ግን ይሰማል። ንጉሡ ሠ ከረ በፊት ነው፣ እሳቱ ሰ ደግሞ ከረ በኋላ። ቁልፉ እንዲህ ይሆናል፦

ስ ራ ሲ ጀ መ ር
5 2 4 6 1 3

ከስድስቱ ቁጥሮች አራቱ ተለወጡ። በዚህ ቁልፍ ያንኑ መልእክት ብትፈቱ የመጀመሪያው ረድፍ ስሐላቀይል ይላል፣ የመጨረሻው ገመሉተበካ። ከመድኃኒቱም ከአጋሮም የተረፈ ነገር የለም። ለንደን የሚደርሱ መልእክቶችም ሳይፈቱ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ ሰላይዋ በጨለማ፣ በፍርሃት፣ ከቁልፉ ቃል አንዷን ፊደል ትስታለች። «እንደገና ላኪ» ማለት ደግሞ እንደገና ሬዲዮ ከፍታ ለአደን ትጋለጥ ማለት ነው። ስለዚህ የለንደኑ የኮድ ክፍል ሠራተኞች፣ እነሱም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ የተሳሳተውን ቁልፍ እየገመቱ ሌሊቱን ሙሉ ይሞክሩ ነበር። የእናንተም ፈቺ ተማሪ ቢጣበቅ መልሱን አትንገሩት፤ «ቃሉን ሌላ ሰው እንዴት ይጽፈዋል?» በሉት። ፀሐይ፣ ዓይን፣ ሀገር፣ ሠርግ፣ ኃይል ያለባቸው ስንኞች ለዚህ ልምምድ ወርቅ ናቸው፤ ለእውነተኛ ሰላይ ግን መርዝ ይሆኑ ነበር።

አንድ ነገር አስተውሉ፦ ስህተቱ የሚጎዳው ቁልፉ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። መልእክቱ ውስጥ «መድሀኒት» ብላችሁ ብትጽፉ ተቀባዩ ያለ ችግር ያነበዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በቁቤ ስንኝ ይዘው መሥራት ከፈለጉም ያው አደጋ በሌላ መልክ ይመጣል፤ የሚረዝመውን አናባቢ ወይም የሚጠብቀውን ተነባቢ አንዴ ጽፎ ማለፍ የዓምዱን ቁጥር ይቀንሳል። ያ ደግሞ ከሠና ከሰ ይብሳል፤ ክፍፍሉ ራሱ ስለሚፋለስ።

ብልህ ተማሪ ካለ አንድ ጉድለት ይነግራችኋል። ይህ ዘዴ ፊደሉን ያዘዋውራል እንጂ አይለውጥም። በላቲን ፊደል 26 ምልክት ብቻ ስላለ የተዘበራረቀው ነገር ብዙ አይናገርም። በእኛ ፊደል ግን ኃ ከታየ፣ አጠገቡ ኒ፣ ት፣ ድ እና መ ካሉ፣ ሙያው የሌለው ሰው እንኳ «መድኃኒት» ብሎ ይጠረጥራል። መፍትሔው ሁለቱ ወገኖች ምትክ ቃል መስማማታቸው ነው፤ መድኃኒቱ «ጨው» ይባል፣ አጋሮም «አክስቴ ቤት»።

የመጨረሻው ነገር ማረጋገጫ ምልክት ነው። ሰላይዋ ተይዛ፣ ሽጉጥ ተደግኖባት ብትልክ በምን ይታወቃል? ቀድሞ የተስማሙበት ሆን ተብሎ የሚሠራ ስህተት ይኖራል፤ ስህተቱ ከሌለ መልእክቱ የእሷ አይደለም። ለልምምዱ «10ኛው ፊደል አንድ ድምፅ ወደፊት ይገፋ» ብላችሁ ተስማሙ። 10ኛው ፊደል የ«በአጋሮ» አ ስለሆነ ኡ ይሆናል፤ ሲቆለፍም የመጨረሻው አራት ፊደል በትሉአ መሆኑ ቀርቶ በትሉኡ ይሆናል። ከስምንቱ ተማሪ ለአንዱ በጆሮው «ተይዘሃል» በሉትና ምልክቱን ትቶ ይላክ፤ ተቀባዩ ያውቃል ወይ? ብዙዎቹ አያውቁም፣ አንዳንዱ ደግሞ «ፊደል ረስተሃል» ብሎ መልሶ ይጽፋል። ለንደንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ፓሪስ ላይ በተያዘው የሬዲዮ ኦፕሬተር በጊልበርት ኖርማን ስም የተላከ መልእክት እውነተኛው ምልክት ሳይኖርበት ሲደርስ፣ ምልክቱን መርሳቱን የሚያስታውስ መልስ ተላከለት። መልሱን ያነበቡት ጀርመኖች ነበሩ፤ ሁለተኛ ምልክት መኖሩንም በዚያው አወቁ።

ሁለተኛ ጠረጴዛ፦ ሻንጣው

ይህ አጭር ነው። በጦርነቱ ዘመን በሰፊው የተሠራበት የሻንጣ ሬዲዮ ከነኃይል ማቅረቢያው 15 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አሸዋውን በሦስት ፌስታል አምስት አምስት ኪሎ አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ፌስታል ደርቡት፣ ፌስታሎቹን በአሮጌ ልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጡ። በአንድ ከረጢት ከሆነ አሸዋው ወደ አንድ ጥግ ይንሸራተትና ሻንጣው ገና ሲነሣ ያጋድላል። ለታናናሾቹ 8 ኪሎ ይበቃል፤ ወገቡን ያመመው ተማሪ እንዳይሞክር።

ሥራው መሸከም አይደለም። ልብስ ብቻ እንደያዘ ሻንጣ መሸከም ነው። አንዷ 50 ሜትር ትሂድ፣ ሰባቱ እንደ ፈታሽ ቆመው ምን እንዳዩ ይጻፉ። የሚጽፉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ትከሻዋ ወረደ፣ ነፃው እጅ ወደ ውጭ ተዘረጋ፣ እጅ ለመቀየር ቆመች፣ ስታስቀምጠው መሬቱ «ድም» አለ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሻንጣ ሲቀመጥ ጉልበት ታጥፎ፣ መጀመሪያ አንደኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ ሙሉው እንዲያርፍ አስተምሩ። ቨርጂኒያ ሆል የተባለችው አሜሪካዊት ግራ እግሯ ከጉልበት በታች የእንጨት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 ከጀርመኖች ስታመልጥ የፒሬኔስን ተራራ በእግሯ አቋርጣ ስፔን ገብታለች፤ በ1944 ተመልሳ ስትመጣም አሮጊት መስላ ነበር። ዓይንን የሚስበው አንካሳነቷ በአሮጊት አካሄድ ውስጥ ጠፋ። ለተማሪው የምታሳዩት ይህን ነው፤ የማይደበቀውን ነገር ምክንያት ስጡት።

ሽቦውንም እዚሁ አውጡት። ሬዲዮው 20 ሜትር ያህል አንቴና ይፈልግ ነበር። በግቢው ሁለት ዛፎች መካከል ወጥሩትና ሁለት ሻሽና አንድ ነጠላ ስቀሉበት፤ ልብስ ማስጫ ሆነ። ከመብራት መስመር ሥርም ሆነ አጠገብ እንዳይወጠር፣ በዝናብም እንዳይነካ። ከባዘሩ ጋርም ምንም አታገናኙት፤ ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ሞገድ ማስተላለፍ ክልክል ነው፣ ለልምምዱም አያስፈልግም።

ሦስተኛ ጠረጴዛ፦ አዳኙ

የባትሪውን አንድ ጫፍ ከደወል መጫኛው፣ መጫኛውን ከባዘሩ፣ ባዘሩን ከባትሪው ሌላ ጫፍ ጋር አያይዙ። ካልጮኸ የባዘሩን ሁለት ሽቦ አገላብጡት፤ ብዙዎቹ ቀይና ጥቁር ይለያሉ። ላኪዋ ባዘሩን ይዛ ከክፍሎቹ በአንዱ ትደበቃለች። ሁለት አድማጭ ቡድኖች ከግቢው ሁለት ጥግ ይቆማሉ፤ ጥጎቹ ንድፉ ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ላኪዋ በየ30 ሴኮንዱ ለአምስት ሴኮንድ ትጫናለች። አድማጮቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁ ወደሚመጣበት እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ መሪያቸው ያንን አቅጣጫ በማስመሪያ ንድፉ ላይ ያሰምራል። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ክፍል ይፈተሻል።

ሁለቱ ጥጎች ተቀራራቢ ከሆኑ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዱና የሚገናኙት ከአጥር ውጭ ነው፤ በተቻለ መጠን መስመሮቹ ወደ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚጠጋ መስቀል እንዲሠሩ አራርቁ። ድምፅ ከቆርቆሮና ከግንብ ስለሚነጥር የመጀመሪያው ጥቆማ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሦስት ጊዜ ይስማና መካከለኛው ይያዝ። ዝናብ ከጣለ ተዉት።

ስልክ ላይ ሰዓት ያዙና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። በሁለተኛው ዙር ላኪዋ ሦስት ጊዜ ብቻ ተጭና ዝም ትበል፤ በሦስተኛው በየሁለት ጭኑ ክፍል ትቀይር። ኦፕሬተሮቹ ጊዜ እንዲያሳጥሩና ቦታ እንዲቀያይሩ የሚነገራቸው ለዚህ ነበር። አዳኞቹ ሌላም ዘዴ ነበራቸው፤ የከተማውን መብራት ሰፈር በሰፈር እያጠፉ ሬዲዮው መቼ ዝም እንደሚል ይጠብቁ ነበር። መብራት ሲጠፋ የት ሰፈር እንደጠፋ በጩኸት የሚለይ የጅማ ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅበትም። ማምለጫው ባትሪ ነበር፤ ባትሪ ግን በሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም ነው።

ሰሌዳው ላይ ማን ይለጠፍ

ማታ ሃሪን ተዉዋት ወይም ጥግ ላይ አድርጉ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1917 በጥይት ደብድበው ገድለዋታል፤ ለጠላት የረባ ምስጢር ማቀበሏ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዚያው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሉዊዝ ደ ቤቲኒዪ ትሻላለች። በሊል አካባቢ ባቡር የሚቆጥሩ ሰዎች መረብ ዘርግታ ነበር፤ ተይዛም ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1918 እስር ላይ ሞተች። ባቡር መቆጠሩ የጦሩን እንቅስቃሴ ይናገራል። ለልምምድ ተማሪዎቹ ከግቢው በር ውስጥ ቆመው ለ15 ደቂቃ ባጃጅ፣ ሚኒባስና አይሱዙ ይቁጠሩ፤ ወዴት፣ ስንት፣ ስንት ሰዓት ላይ ብቻ ይጻፉ። ፎቶ አይነሣ፣ ከግቢ አይወጣ፣ ካምፕና ኬላ አጠገብ አይታሰብ።

ከእኛ ሸዋረገድ ገድሌ ትቀድማለች። አዲስ አበባ ውስጥ የውስጥ አርበኛ ሆና ለአርበኞቹ መረጃና ስንቅ ትልክ ነበር፤ ተይዛ ተሠቃየች፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ተጋዘች፣ ከተመለሰችም በኋላ ሥራዋን ቀጠለች፤ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት እጇ ነበረበት። ከበደች ሥዩምን ከሰላዮቹ ጋር አትደባልቋት፤ እሷ ጦር የመራች አርበኛ ናት፣ ለብቻዋ ሰሌዳ ይገባታል።

የጅማው ጥግ በሦስት ክስተት ይያዝ። በታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩ ከጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ሰኔ 14 ቀን 1933 ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁ የአውሮፓዎቹ ላይ እ.ኤ.አ. መጻፍ አትርሱ፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ 1933 እና 1943 ጎን ለጎን ሲቆሙ የአሥር ዓመት ልዩነት ይመስላል፣ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከሽማግሌዎች የሚገኘው

በ1933 የ15 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት በ2017 99 ዓመት ይሆናታል። ስለዚህ የምታገኙት ያየችውን ሴት ሳይሆን ልጇን ወይም የልጅ ልጇን ነው። ይህ መቅጃው ላይ በግልጽ ይነገር፦ «እናቴ ስትናገር የሰማሁት» እና «ሰፈር የሚባለው» የተለያዩ ናቸው።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። «እማማ» ወይም «አኮ» ብላችሁ፣ ስኳር ወይም ቡና ይዛችሁ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ቸኩላችሁ ደብተር አታውጡ። ስለ ጀግንነት ከጠየቃችሁ ጀግንነት ይነገራችኋል፤ ስለ ዕቃ ጠይቁ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ምን ይዘው ይወጡ ነበር? ጨው ከየት ይገኝ ነበር? የጣሊያን ገንዘብ ማን እጅ ላይ ነበር? ማታ ፈረንጅ አራዳ በኩል ማለፍ ይቻል ነበር? ማን ጋር ቡና አይጠጣም ነበር? ከመጨረሻው ጥያቄ በኋላ የሰው ስም ይመጣል፤ የባንዳ ልጅ ልጅ አሁንም ጎረቤት ሊሆን ስለሚችል ስሙን ሰሌዳ ላይ አታውጡት፣ መቅጃውም ከክበቡ ኃላፊ እጅ አይውጣ።

ሲያበቃ

ወረቀቶቹ ሲታደሉ ከ1 እስከ 24 ቁጥር ይጻፍባቸው፣ ማን የትኛውን እንደወሰደ ይመዝገብ። ኑር ኢናያት ካን ወደ ፈረንሳይ የተላከች የመጀመሪያዋ ሴት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1943 ገባች፣ ባልደረቦቿ ሲለቃቀሙም ፓሪስ ላይ ሥራዋን ሳታቆም እስከ ጥቅምት ቆየች። ስትያዝ የላከቻቸውን መልእክቶች የገለበጠችበት ደብተር አብሮ ተገኘ፤ ጀርመኖች በዚያ እየተረዱ በእሷ ስም ለለንደን መላክ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1944 ጀርመን ውስጥ በዳካው ካምፕ ተገደለች፤ 30 ዓመቷ ነበር።

ይህን ከነገራችሁ በኋላ ወረቀቶቹን መልሱ በሉ። እየቆጠራችሁ ከሰል ምድጃው ላይ አቃጥሉ፤ አንድ አንድ እያደረጋችሁ፣ ክምር ሆኖ ከገባ ጠርዙ ብቻ ጠቁሮ መሃሉ እየተነበበ ይቀራል። አመዱን በማማሰያ ሰባብሩት። 23 ከመጣ በሩ ይዘጋና የጎደለው ቁጥር ከመዝገቡ ይጠራል። የሚገኘው ብዙ ጊዜ ደብተር ውስጥ ነው፣ በጥንቃቄ ታጥፎ፣ «ለቤት ለማሳየት ነበር» ከሚል መልስ ጋር።